የሊቀ ጤና ቆርቆሮ

ሦስት ሰው አንድ ላይ ተቀምጦ ምሳ በሚበላበት ቦታ ሁሉ፣ ከሦስቱ አንዱ ስለ ምግቡ የሚያስተምር ነው። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ሁለቱ ሲጎርሱ እሱ ያብራራል፤ ሁለቱ ሲውጡ እሱ ያዝናል። «እሱን ነው የምትበሉት?» ይላል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው። ከዚያ ወዲያ የጎረሱት ነገር ጉሮሮ ላይ ቆሞ ወዲያም አይል፣ ወዲህም አይል።

የደንብ ልብስ በሚሰፋበት በዚያ ረጅም አዳራሽ ይህ ሰው ጨርቅ ቆራጩ ነበር። ፊት ለፊት ሲሆኑ «ጋሼ» ናቸው፤ ዞር ሲሉ «ሊቀ ጤና»። ማዕረጉን የሰጣቸው የለም። እንደ ክር ብናኝ በራሱ ጊዜ በርሮ መጥቶ ትከሻቸው ላይ አረፈ፤ ያራገፈውም አልተገኘም።

ሊቀ ጤና ሸንቃጣ አይደሉም። ሆዳቸው ቀድሟቸው በር ይገባል፣ ሰላምታ ይቀበላል፣ ከዚያ እሳቸው ይከተላሉ። የአመጋገብ ሥርዓት በየወቅቱ ይቀያይራሉ፤ ሆድዬው ግን ታማኝ ነው፤ የትኛውም ሥርዓት ቢመጣ ቢሄድ ከጎናቸው ተለይቶ አያውቅም። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ጀርባ ደግሞ በላስቲክ የተሸፈኑ ሱሪዎች ተሰልፈው ተሰቅለዋል። ለራሳቸው የቆረጧቸው ናቸው። አዲስ አመጋገብ በጀመሩ ቁጥር አንድ ሱሪ ይቆርጣሉ፤ ታዲያ ለዛሬ ወገባቸው እንዳይመስላችሁ። «ለሚመጣው ወር ነው» ይላሉ፣ ጠመኔውን ጆሯቸው ላይ እየሰኩ። የሚመጣው ወር ግን ገና መንገድ ላይ ነው፤ ሱሪዎቹም እንደ ታጨች ልጅ ደጅ ደጁን ሲያዩ ይኖራሉ።

ለዚህ ሁሉ የቅርብ ምስክር ቁልፍ ሰፊዋ ናት። መቀመጫዋ ከመስኮቱ ሥር፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ጎን ስለሆነ የሊቀ ጤና ስብከት አዳራሹን ከማዳረሱ በፊት የእሷን ጆሮ ይረግጣል። ጣፋጭ ወዳድ ናት። ሻይ ሲመጣ ስኳሩን ቆልላ ትጨምርና ብርጭቆውን ስታማስል፣ ማንኪያው ቅጭል ቅጭል እያለ ከስፌት መኪኖቹ ጉርምርምታ በላይ እንደ ወፍ ይዘምራል። አዳራሹ ሌላ ደወል የለውም። እሷ ካማሰለች የሻይ ሰዓት ነው፤ እግሮች ሁሉ ከፔዳሉ ላይ ይነሳሉ። አርብ አርብ ደግሞ የማር ኬክ ጋግራ ታመጣለች። አርብ የሚባለው ቀን ለዚህ የተፈጠረ የሚመስላቸው ብዙ ነበሩ።

ቆርቆሮዋም የእሷ ነበረች። ድሮ የሸሚዝ ቁልፍ የምታስቀምጥባት፣ ክዳኗ ላይ የደበዘዘ ጽጌረዳ ያለባት ክብ ቆርቆሮ። ሊቀ ጤና ለምነው ወሰዷትና አንድ ጠዋት ሞልተው መለሷት። ቁልፍ ሰፊዋ ከፈተች። ውስጧ ቡናማ፣ ሰባራ፣ የእንጨት ፍርፋሪ የመሰለ ነገር ነበር።

«ምንድን ነው ጋሼ? አናጺ ቤት ውለው መጡ እንዴ?»

«ካካዎ ነው! የካካዎ ስባሪ። ቸኮሌት ከስኳርና ከወተት ጋር ሳይዋደድ፣ ገና በእናቱ ቤት እያለ ማለት ነው።»

ካውያ ተኳሹ ሮጦ መጥቶ አንድ እፍኝ ወደ አፉ ወረወረ። ወዲያው ፊቱ በየት በኩል እንደሚጀመር የማይታወቅ፣ በራሱ ካውያ እንኳ የማይዘረጋ ጭምድድ ሸሚዝ ሆነ።

«ጋሼ! ይሄ እኮ እሬት ነው!»

«መጀመሪያ ላይ ነው። አኝክ። ዝም ብለህ አኝክ። ከኋላ ይመጣል።»

«ምኑ?»

«ጣዕሙ ነዋ።»

ተኳሹ እስከ ምሳ ሰዓት ጠበቀ። አልመጣም። «ከኋላ ይመጣል» ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የአዳራሹ መፈክር ሆነ። ደመወዝ ሲዘገይ፣ መብራት ሲጠፋ፣ አውቶቡስ ሲቀር ሁሉም በአንድ አፍ፦ «ከኋላ ይመጣል!»

እዚህ ላይ የማዕዱን ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። ምሳ ሲደርስ የመቁረጫው ጠረጴዛ ይጠረግና የልብስ ቅድ የሚነደፍበት ቡናማው የፓተርን ወረቀት ይነጠፍበታል። የሁሉም ምሳ ዕቃ መሐል ላይ ይከፈታል፤ ሁሉም ከሁሉም ይቀምሳል። ክዳኑን ዘግቶ የተቀመጠ ሰው ተኮራርፏል ማለት ነው። አለቃዋ እትዬ ራሷ መጥታ «ምን ሆነህ ነው? ማን ነካህ?» ትላለች፤ እስኪከፍት ድረስም ሌላው አይጎርስም።

እንዲህ ባለ ማዕድ ላይ ሰው የአመጋገብ ሥርዓት ሲቀያይር ምን እንደሚከተል መገመት ነው። መጀመሪያ የመጣው የሜዲትራኒያን አመጋገብ ነበር። ባሕር በሥዕል እንጂ በዓይናቸው አይተው የማያውቁት ሊቀ ጤና፣ ስለ ዓሣና ስለ ወይራ ዘይት እንደ አሮጌ መርከበኛ ተረኩ፤ የጨው ዕቃውንም በክብር ከጠረጴዛው አሰናበቱ። ተኳሹ በዚያው ሰሞን ጨው መንካት አቁሞ ስለነበር «በቃ፣ ልጁን አስኮበለሉት!» ተባለ። ቆርቆሮዋም ለፈተና ቀረበች። «ጨው አለበት? የለበትም። ስኳር? የለበትም። አልፏል!»

ከዚያ ኪቶ የሚባለው፣ ስብ አስገብቶ ዳቦና ስኳር የሚያስወጣው አመጋገብ መጣ። «ዳቦ ማለት ልብሱን የቀየረ ስኳር ነው» ተባለና ዳቦ እንደ ሌባ ተባረረ። አብሯቸው የከተተው ጨርቅ የሚያመላልሰው ሾፌር ነበር፤ ያ ወገቡንና ጉልበቱን እያመመው ከመኪናው ሲወርድ የሚያቃስተው ግዙፍ ሰው። «ምስኪን፣ እሱንም አሳሳቱት» አለች ቁልፍ ሰፊዋ በልቧ፣ ሾፌሩ ዳቦውን በዓይኑ ብቻ እየሸኘ ሲበላ አይታ። ቆርቆሮዋ እንደገና ተከፈተች። «ስብ አለው፣ አሰር አለው፣ ስኳር አልተጨመረበትም። በማንኪያ ከሆነ አልፏል፤ በጭልፋ ከሆነ ግን ወድቋል!»

ቀጥሎ ቪጋን ሆኑ፤ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ማር እንኳ ሳይቀር ተሰናበተ። ይህኛው የኦቨርሎክ ሰፊዋ ሰሞን ነው። ያቺ የጨርቅ ጠርዝ የምትዘመዝም ቀልደኛ ልጅ የእንስሳ ነገር በቃኝ ብላ ሰው «ሣር ቤት ገባሽ ወይ?» እያለ ሲያበሽቃት፣ ሊቀ ጤና ከጎኗ ተሰየሙና ብሽሽቁ በሙሉ ወደ እሳቸው ዞረ። «ወተት አለው? የለውም። እናትስ አለችው? አለችው፤ ዛፍ ናት። አልፏል!»

አንድ ሰሞን ደግሞ የዋሻ ሰው ሆኑ። ዋሻ ውስጥ ያልነበረ ምግብ አልቀምስም አሉ።

«የዋሻ ሰው ካካዎ ከየት አመጣ ጋሼ?» አለ ተኳሹ።

«ቢያገኝ ኖሮ ይበላ አልነበረም?»

«ቢያገኝማ ኬክም ይበላ ነበር!»

በሰዓት መጾም የመጣው እትዬ አለቃዋ ቁርስ መብላት ካቆመች በኋላ ነው። እስከ እኩለ ቀን ውሃ ብቻ። ሊቀ ጤና ግን ማለዳ ላይ ቆርቆሮዋን ከፈት አድርገው ቆርጠም ያደርጋሉ።

«ጋሼ፣ ፈቱ እንዴ?» አለች ኦቨርሎክ ሰፊዋ።

«ይሄ አይቆጠርም።»

«ሆድ ውስጥ የገባ ሁሉ ይቆጠራል እኮ!»

መቀሳቸውን አቁመው እንደ ዳኛ ረጅም ሰዓት አሰቡ። «እውነትሽን ነው። እንግዲያው መፍቻ ይሁና።» ከዚያ ቀን ጀምሮ እኩለ ቀን ላይ የቆርቆሮዋ ክዳን ጧ ሲል እትዬ ከቢሮዋ ትወጣለች፤ ሁለቱም ቆንጠር አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንደ መድኃኒት ይውጣሉ።

መቼም ድምፃቸው አይጠላም። ጨርቅ ሲቆርጡ፣ መቀሱ በወፍራሙ ካኪ ላይ ሽርርር ሲል፣ በዚያው ምት ያንጎራጉራሉ፦

ካካዎ ካካዎ፣ ጥቁር ባለ ምሬት፣
አንተን የለመደ አይፈራም እሬት።

ኦቨርሎክ ሰፊዋ መኪናዋን ሳታቆም ትመልሳለች፦

ምሬቱስ ይበቃል ከቤት ያመጣነው፣
ጋሼ፣ ይክደኑልን፣ ምንስ በድለን ነው?

አዳራሹ በሳቅ ያብዳል። ሊቀ ጤና አይቀየሙም። መቀየም ጨጓራ ይጎዳል ብለው ያምናሉ።

ጥፋታቸውም እንደ ማዕረጋቸው ትልቅ ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ ሆቴል ማብሰያ ቤት የነጭ ጃኬት ሥራ መጣ። ሊቀ ጤና የወጥ ቤቱን አለቃ ሲለኩ፣ ሜትሩን በዚያ ሰፊ ሆድ ዙሪያ ይዘው ስለ ቅባትና ስለ ልብ ሙሉ ስብከት ሰጡት። ሰውዬው ጨዋ ነው፤ ሜትር ሆዱ ላይ የተጠመጠመበት ሰው ምን ምርጫ አለው? «እሺ፣ እቀንሳለሁ» አለ። ጃኬቱ ተሰፍቶ ሲለካ ግን አልገናኝ አለ። ሰውዬው ትንፋሹን ውጦ ቆለፈው፤ «አመሰግናለሁ» ሊል አፉን ሲከፍት የመሐለኛው ቁልፍ ተፈናጥሮ መስታወቱን ቀጭ አደረገው።

«ጋሼ» አለች እትዬ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ «ምኑን ለክተው ነው የቆረጡት?»

«ቃሉን» አሉ ሊቀ ጤና።

ሌሎቹም ጃኬቶች በዚያው ቃል የተቆረጡ ነበሩ። ቁልፍ ሰፊዋ እየሳቀች፣ እየረገመችም፣ የጎኑን ስፌት ፈትታ አስፍታ፣ የሁሉንም ቁልፍ ሁለት ሁለት ጣት ወደ ዳር አውጥታ ሥራውን አዳነች። «አንድ ቀን ለእርስዎም ሁለት ጣት አወጣልዎታለሁ» አለቻቸው። «አያስፈልገኝም» አሉ፣ ወደ ሱሪዎቻቸው እያዩ። «የሚመጣው ወር ደርሷል።»

እንዲህ እየተሳቀ ሳለ ነው ቁልፍ ሰፊዋ ጤና ጣቢያ ደርሳ የመጣችው። ነርሷ ደግ ነበረች። ስኳር እንዳለባት ነገረቻት፤ መድኃኒቱን ሰጠቻት፤ ምግቡንም አስረዳቻት። «ብቻሽን አይደለሽም እህቴ፣ ከስንቱ ጋር ነሽ» ብላ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት።

ቁልፍ ሰፊዋ ግን የፈራችው በሽታውን አልነበረም፤ ሳህኑን ነው። እናቷ ያው ስኳር ሲገኝባት ቤተሰቡ ተጨንቆ፣ ተጠቦ፣ ለብቻዋ ሳህን ሰጣት። ክዳን ያለው ሰማያዊ ሳህን። «ይሄ የእማዬ ነው፣ እንዳትነኩ!» ይባላል። ማንም ክፉ አላሰበም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቷ በራሷ ማዕድ ላይ እንግዳ ሆነች። ሌላው ተሻምቶ ሲስቅ እሷ ሰማያዊውን ክዳን ከፍታ፣ ቀስ ብላ፣ ለብቻዋ ትበላለች። ሲያዝኑላት ደግሞ ይብስባታል። ቁልፍ ሰፊዋ ያንን ክዳን በሕልሟ እንኳ ስታየው ትባንናለች። አሁን እሷ፣ የአርብ ኬክ እመቤት፣ በዚያ የፓተርን ወረቀት ዳር «ይሄ የእሷ ነው፣ እንዳትነኩ» ልትባል?

ዋሸች። «ምድጃዬ ተበላሸ» አለችና አርብ ያለ ኬክ አለፈ። «ወንድሜ ኤሌክትሪሽያን ነው፣ ልላከው?» አለ ሾፌሩ። «የለም፣ የለም፣ ባለቤቱ እየሠራው ነው።» «ምድጃ የአንቺ አይደለም እንዴ?» ውሸቷ እንደ ተፈታ ጥቅል መሬት ለመሬት ተንከባለለ። ምሳ ሰዓት ላይም «ሆዴን ትንሽ አመመኝ» ብላ ጨርቅ ማከማቻው ገባች፤ በጥቅሎቹ መሐል ምሳ ዕቃዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ክዳኑን ግማሽ ድረስ ብቻ ከፍታ፣ ማንም እንዳይሰማት በቀስታ አኘከች። ከአዳራሹ የሚመጣው ሳቅ በግድግዳው በኩል ሲሰማት፣ ባቡር ጥሏት እንደሄደ መንገደኛ ሆድ ባሳት።

እዚያው እያለች በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ ሆድ ገባ፤ ቀጥሎ ሊቀ ጤና።

«ግራጫው ጥቅል ወዴት ነው?» አሉ።

«ከኋላዎ ነው።»

ጥቅሉን አነሱ። ዓይናቸው ምሳ ዕቃዋ ላይ አረፍ ብሎ ተነሳ። በር ላይ ሲደርሱ ዞር አሉና፦

«ዛሬ ሻይሽን ሳታማስዪ ጠጣሽ» አሉ። «ደወል ሳይሰማ የሻይ ሰዓት አለፈ።»

ወጡ።

ከዚህ ሁሉ ሰው መሐል ያወቀው ያ አፉ ክዳን የሌለው ሰውዬ! ነገ ይሄኔ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ መትቶ፣ «ስለ ስኳር በሽታ አጭር ማብራሪያ» ብሎ፣ ስሟን ጠርቶ... ያን ቀን ቁልፍ ሁሉ አንሸዋርራ ሰፋች።

በማግስቱ ምሳ ሲደርስ እትዬ እጇን ይዛ ጎተተቻት። «ዛሬ ሆድሽን አላመመሽም፤ ነይ!» ቁልፍ ሰፊዋ ክዳኗን በሁለት እጇ ደፍና ይዛ ተቀመጠች። ሊቀ ጤና ተነሱ። መቀሳቸውን በጠረጴዛው ጠርዝ ቀጭ ቀጭ አደረጉ። እሷም አንገቷን ደፋች።

«ጉባኤ!» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ እኔና ስኳር ተፋተናል።»

«ኧረ በፈጠራችሁ!» አለ ተኳሹ።

«ስኳር የለም። ማር የለም። ኬክ የለም። ዳቦውም በልክ።» ከዚያ ቆርቆሮዋን አንስተው የጽጌረዳውን ክዳን ከፈቱ። «ችግሩ ብቻዬን አልችለውም፤ ደካማ ነኝ። ጣፋጭ በጣም የሚወድ፣ እኔን የሚያሳፍረኝ አንድ ባልንጀራ እፈልጋለሁ። ቁልፍ ሰፊዋ፣ አንቺ እኮ ያለ ስኳር ሳምንት አትቆዪም።»

ጠረጴዛው በአንድ ድምፅ ጮኸ። «ተይ! እንዳትሰሚያቸው!» «አሁን ደግሞ ኬካችንን ሊያጠፉብን ነው!» «ጋሼ፣ እርስዎ ሰው አይደሉም!» ወቀሳው ዘነበባቸው። ሊቀ ጤና እጃቸውን ዘርግተው፣ በዝናብ ውስጥ እንደቆመ ገበሬ፣ በደስታ ተቀበሉት። እሷን የሚያይ፣ የሚያዝንላት አንድም ዓይን አልነበረም።

«ሊሞክሩኝ ነው?» አለች፣ ድምጿን አደላድላ። «ማን ቀድሞ እንደሚወድቅ እናያለን!» ክዳኗንም እስከ ዳር ከፈተችው።

ቆርቆሮዋ ዞረች። ከሾፌሩ እጅ ስትቀበል፣ ግዙፉ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ፦ «አይዞሽ» አላት። «እኔንም ሐኪሙ ዳቦ በከለከለኝ ማግስት ነበር ኪቶ የጀመሩት።»

እጇ ቆርቆሮዋ ላይ ቀረ። ቀና ስትል ተኳሹ ዓይኑን ጠቀሰ። ለካ የተኳሹ ደም ግፊት ከሜዲትራኒያን ቀድሞ ነበር። ኦቨርሎክ ሰፊዋን ሰው ያበሸቃት የነበረው ቪጋን ከመምጣቱ በፊት ነው። እትዬም ቁርሷን ትታ ነበር ሊቀ ጤና ሰዓት የቆጠሩት። ሁሉም ሊቀ ጤናን የተከተሉ ይመስላት ነበር፤ የሚከተሉትስ እሳቸው ኖረዋል። እያንዳንዱ የሚያውቀው የራሱን ብቻ ስለሆነ ማንም ለማንም አልተናገረም። የዋሻው ሰው አመጋገብ ብቻ ለማን እንደነበር እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከምሳ በኋላ ቁልፍ ሰፊዋ ወደ መቁረጫው ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይሄን ካካዎ ይወዱታል?»

ግራና ቀኝ ተገላመጡ። «እህቴ፣ እሬት ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ጥርሴን ሳይቀር ያመኛል።»

«ታዲያ ስንት ዘመን ለምን አኘኩት?»

ጠመኔውን ከጆሯቸው አውርደው ካኪው ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ። «ይሄ ሁሉ ሰው የየራሱ ክልከላ አለበት» አሉ። «ሳይመርጥ ለሁሉም የሚዞር ሌላ ነገር ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁማ።»

ወዲያው ደግሞ ጣታቸውን ቀስረው፦ «መድኃኒትሽን እንዳትተዪ። ይሄ ቆርቆሮ ሐኪም አይደለም።» ሊቀ ጤና ያለ ስብከት አይሰናበቱም።

በአርብ ቀን «ምድጃው» ተጠገነ። ቁልፍ ሰፊዋ ነርሷን ጠይቃ ማርም ስኳርም የሌለበት፣ ለውዝና ካካዎ ስባሪ የገባበት ቂጣ መሳይ ነገር ጋግራ መጣች። ተኳሹ ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ። ቆየት ብሎ ግን «እንዴ!» አለ። «መጣ! ጣዕሙ ከኋላ መጣ!»

ያን ዕለት ከሰዓት፣ ሊቀ ጤና ከሾፌሩ ጋር ጨርቅ ሊያወርዱ ሲወጡ፣ ቁልፍ ሰፊዋ ከመስቀያው አንዱን ሱሪ አወረደች። የኋላውን ስፌት ፈታ አስለቀቀችው፤ ቁልፉን ሁለት ጣት ወደ ዳር አወጣችው፤ ትንሽ አሰበችና ሦስተኛ ጣት ጨመረችበት። በላስቲኩ ሸፍናም ቦታው መለሰችው።

ሰኞ ጠዋት በሩ ተከፈተ። ሆድ ገባ፤ ቀጥሎ ሊቀ ጤና፤ አዲሱን ሱሪ ለብሰው።

«ተመልከቱ!» አሉ፣ መሐል አዳራሽ ላይ እየተሽከረከሩ። «ምን ብያችሁ ነበር? የሚመጣው ወር መጣ! ካካዎ ነው!»

አዳራሹ አጨበጨበ፤ ኦቨርሎክ ሰፊዋም እልልታውን አቀለጠችው። ቁልፍ ሰፊዋ መርፌዋ ላይ አቀርቅራለች። ዕድሜ ልኩን ጨርቅ የቆረጠ ሰው የተፈታ ስፌት አይለይም? ሊቀ ጤና በአጠገቧ ሲያልፉ አውራ ጣታቸው ወገባቸው ላይ ያለችውን ቁልፍ፣ አዲሱን ክሯን፣ ቀስ ብሎ ዳበሰ። ምንም አልተናገሩም። ለሊቀ ጤና ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እሷም የሻይ ብርጭቆዋን ሳበች። ስኳር አልጨመረችበትም። ማንኪያዋን ግን አስገብታ ባዶውን ሻይ ታማስለው ጀመር፤ ቅጭል ቅጭል፣ ቅጭል ቅጭል፣ ከመኪኖቹ ጉርምርምታ በላይ። እግሮች ሁሉ ከፔዳሉ ላይ ተነሱ።